የመቐለ ከበባ በዌስኖዝ፦ የውሃ ጥምን በምን ሕግ እንሥራው?

ዳገት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባትል ፎር ዌስኖዝ በሚባለው፣ በዙር በሚጫወቱት ነፃ የስልት ጌም የመቐለን ከበባ እየሠራሁ ነው፤ ጥር 1888 ዓ.ም.፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ የነበረውን የጣሊያኑን ሻለቃ የጋሊያኖን ምሽግ። ዓድዋን ትቼ መቐለን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ዓድዋ በአንድ ቀን፣ በብዙ ሸለቆና ተራራ ላይ ተበታትኖ የተካሄደ ውጊያ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። መቐለ ግን አንድ ኮረብታ፣ አንድ ምሽግና ከምሽጉ ውጭ ያለ ውሃ ነው። አንድ ካርታ ይበቃዋል።

ያስቸገረኝ ሚዛኑ ነው። የምሽጉን ወታደሮች «ስፒርማን» (ባለ ጦር እግረኛ) ከሚባለው የጌሙ ዩኒት (ተዋጊ) አንስቼ ሠራኋቸው። ላይፋቸውን (የሕይወት ነጥባቸውን) ከ36 ወደ 60 ሳሳድገው ምሽጉ ፈጽሞ አይደፈርም። ወደ 45 ስመልሰው ደግሞ የኢትዮጵያን ጦር የማዘው እኔ በቁጥር ስለምበልጣቸው በጥቂት ዙር ያልቃሉ። በታሪክ የሆነው ሁለቱም አይደለም። ምሽጉን በጥቃት ለመስበር ተሞክሮ ብዙ ሰው አለቀ እንጂ አልተሰበረም፤ እቴጌ ጣይቱ ውሃው ይያዝባቸው ብለው ምንጩ ከተያዘ በኋላ ነው የለቀቁት። ይህ እንዲሆን ቁጥሮቹን ስንት ላድርጋቸው? የመከላከያውን ቁጥርም «ካስል» (የግንብ መሬት) ላይ ከ40 ወደ 70 አውጥቼው ነበር፤ ጭራሽ ተዳከሙ።

ኮድሰፊ

ዳገት ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዩኒት ፋይል ውስጥ «ዲፌንስ» በሚለው መለያ ሥር የሚጻፈው ቁጥር ዩኒቱ የመመታት ዕድሉ ነው፤ የመዳን ዕድሉ አይደለም። ጌሙ ለተጫዋቹ ሲያሳይ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ እግረኛው ካስል ላይ 40 ተብሎ ሲጻፍ በስክሪኑ ላይ 60 በመቶ መከላከያ ሆኖ ይታያል። አንተ 70 ስትለው 30 በመቶ መከላከያ ሰጠኸው። ወደ 40 መልሰውና አትንካው።

ላይፉንም ወደ 36 መልሰው። ለምን እንደሆነ በሂሳብ ላሳይህ። ስፒርማን 7 ጉዳት 3 ጊዜ ይሰነዝራል፤ ሁሉም ቢያርፍ 21 ነው። ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው 40 በመቶ ስለሚመታ በአማካይ የሚደርስበት 8.4 ነው። አጥቂው ግን ሜዳ ላይ ነው የቆመው፤ ሜዳ ላይ እግረኛ የመመታት ዕድሉ 60 በመቶ ነው፣ ስለዚህ የመልሱ ምት በአማካይ 12.6 ይሆንበታል። ስፒርማን ደግሞ ሲጠቃም ቀድሞ የመምታት ችሎታ አለው። አንድም ቁጥር ሳትነካ ምሽጉን የሚያጠቃ ሰው ከሚያደርሰው ጉዳት አንድ ጊዜ ተኩል ይቀበላል ማለት ነው። በታሪክ ያየኸው የጥቃት ኪሳራ እዚሁ የጌሙ ሕግ ውስጥ አለ።

ታዲያ ለምን ይረግፋሉ? ችግሩ ካርታህ ላይ ይመስለኛል። ሄክስ (የካርታው አንድ ሕዋስ) 6 ጎን አለው። አንድ ወታደር በ4 ወይም በ5 ጎን ለጠላት ክፍት ከሆነ በአንድ ዙር ከ33 እስከ 42 ጉዳት ይደርስበታል፤ 36 ላይፍ አይበቃውም። ግንቡን በማይታለፍ ግድግዳና በገደል አጥረህ እያንዳንዱ ወታደር ለ2 ጎን ብቻ ክፍት እንዲሆን አድርገው። ያኔ በዙር 17 ገደማ ይቀበላል፣ ከመውደቁ በፊት ከኋላ ካለው ጋር ይቀያየራል። ላይፍ 60 ስትሰጠው ያገኘኸው ውጤት ይኸው መቀያየር ነው፤ ልዩነቱ የ60ው ወታደር ሜዳ ላይ ሲወጣም ያው 60 መሆኑ ነው። ውሃ ፍለጋ ሲወጣ ደካማ እንዲሆን አይደል የምትፈልገው? ጥንካሬው ከቦታው ይምጣ።

እህተ_ካርታ

የኮድሰፊን ሐሳብ እደግፋለሁ። ካርታውን ብትለጥፈው ደስ ይለኛል፤ ኮረብታውን ልሠራልህ እችላለሁ። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ላስገባ። እግረኛ ኮረብታ ለመውጣት 2፣ ተራራ ለመውጣት 3 የእርምጃ ነጥብ ነው የሚከፍለው። የስፒርማን የዙር እርምጃ 5 ነው። ምሽጉን የከበበውን ቀለበት በ3 ሄክስ ስፋት ሙሉ በሙሉ ኮረብታ ካደረግከው አጥቂው ተዳፋቱን ለመውጣት ሁለት ዙር ይፈጅበታል፣ በመሃል ደግሞ የመድፍ ሰለባ ይሆናል። ወደ ምንጩ የሚወስደው ወገን ግን ለጥ ያለ ይሁን፤ ተከላካዩ እዚያ መድረስ መቻሉን በዓይኑ ማየት አለበት።

ነጭ_ሳር

እኔ በሌላ በኩል ልሂድ። ለምን አንድ ጉርሻ አንሰጥም? ሲቪላይዜሽን 5 በሚባለው የስልት ጌም ላይ (እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ማስፋፊያ) ለኢትዮጵያ የተሰጠው «የዓድዋ መንፈስ» ቀላል ነው፦ ከአንተ የበዛ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ጥንካሬ ትጨምራለህ። ሲቪላይዜሽን 6 ላይም እ.ኤ.አ. በ2020 ምኒልክ ሲመጡ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ወታደራቸው 4 ነጥብ ይጨምራል። ዳገትም ለኢትዮጵያ ጦር እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጥ ተጫዋቹ የአገሩን ጦር ክብር ይሰማዋል፣ ሚዛኑም ይስተካከላል።

ኮድሰፊ

ነጭ_ሳር፣ ሁለቱም ለጌማቸው ተስማሚ ናቸው፤ እዚያ አንድ አገርን በ6,000 ዓመት ጉዞ ውስጥ በአንድ መስመር መግለጽ ግድ ነው። ለእኛ ሴናሪዮ (ለአንድ ካርታ ጨዋታ) ግን አይሆኑም፣ ምክንያቴን ልናገር። የመጀመሪያው ጉርሻ ትንሹ ትልቁን ሲገጥም የሚሠራ ነው። በ1888 ዓ.ም. ግን በሜዳው ላይ በቁጥር የበዛው የኢትዮጵያ ጦር ነበር። ብልጫው የተገኘው ያን ሁሉ ሰው ከየአገሩ ጠርቶ፣ መግቦ፣ ሰሜን ድረስ ከማድረስ ነው። 20 በመቶ ስትጨምርለት ይህን ሁሉ ሥራ ሸፍነህ «ደፋር ስለሆኑ አሸነፉ» ትለዋለህ። ድፍረቱማ ግንቡ ሥር ወድቀው የቀሩት ሰዎች ላይ ነበር፤ መቐለን ያስለቀቀው ግን ውሃውን ያየ ዓይን ነው። እኔ የምፈልገው ተጫዋቹ ግንቡን ቀና ብሎ አይቶ፣ ወታደሩን ቆጥሮ፣ «ይህ በጉልበት አይሆንም» ብሎ ወደ ምንጩ እንዲዞር ነው። ይህን በራሱ ካገኘው ክብሩ ይሰማዋል።

ስለዚህ ሕጉ ጥም ይሁን። አሠራሩን እንዲህ አየዋለሁ። ምንጮቹን «ቪሌጅ» (ወገኖች የሚይዙት መንደር) አድርጋቸው። በየዙሩ የምሽጉ ወገን ተራ ሲደርስ አንድ ኢቨንት (ጊዜው ሲደርስ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ምንጮቹን ይመርምር። በኢትዮጵያ ጦር እጅ ከሆኑ «ጥም» የሚባል ቫሪያብል (ቆጣሪ) በአንድ ይጨምር፤ ካልሆኑ ወደ ዜሮ ይመለስ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ምንም አይሁን፣ በገንዳ ያከማቹት ውሃ አለና። ከዚያ በዙር 2 ላይፍ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6 ይቀነስባቸው። ለመቀነስ «ሃርም ዩኒት» የሚለውን ተጠቀም፣ «ኪል» የሚለውን «ኖ» በለው፤ ያኔ ጥሙ ብቻውን አይገድልም፣ 1 ላይፍ ላይ ያቆማል።

ኢቨንቱን «ሳይድ ተርን» ላይ አትስቀለው፣ «ተርን ሪፍሬሽ» ላይ አድርገው። የመጀመሪያው የሚነሳው ዩኒቶች ከማገገማቸው በፊት ነው፤ ያረፈ ወታደር በዙር 2 ላይፍ ስለሚያገግም የመጀመሪያ ደረጃ ጥምህን ወዲያው ያጠፋብሃል። ሁለተኛው ግን ካገገሙ በኋላ ነው።

አሮጌ_ላፕቶፕ

ለዚህ ሁሉ ኮድ ምን አስፈለገ? ዌስኖዝ መርዝ አለው። የተመረዘ ዩኒት በዙር 8 ላይፍ ያጣል፣ መርዙ ብቻውን አይገድልም፣ ቪሌጅ ላይ የቆመ ይድናል። ምንጭ ቪሌጅ ከሆነ የጠጣ ይድናል ማለት ነው። ሁሉንም የምሽግ ወታደር አንድ ጊዜ መርዘህ ልቀቃቸው፣ አለቀ።

ኮድሰፊ

አሮጌ_ላፕቶፕ፣ ሐሳቡ የሚያምር ነው፤ ለሌላ ሴናሪዮ፣ ለምሳሌ በረሃ ለሚያቋርጥ ትንሽ ቡድን፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። እዚህ ግን 8 ከመጀመሪያው ዙር ይከብዳል፤ ቀስ እያለ የሚጠና ነገር አይሆንም። በዚያ ላይ የሚድነው ቪሌጁ ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው ውሃ የሚቀዳው ለጓደኞቹ ጭምር ነው። አንድ ቡድን ደፍሮ ወጥቶ ምንጩን ቢያስለቅቅ ምሽጉ ሁሉ መተንፈስ አለበት፤ ቫሪያብሉን ወደ ዜሮ መመለስ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ጋሽ_ዘመን

ልጆች፣ ጨዋታውን ብዙም አልችልበትም፤ ታሪኩን ግን አንብቤአለሁና ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ምሽጉ ውስጥ የነበሩት ከ1,200 እስከ 1,300 የሚገመቱ ሲሆኑ አብዛኞቹ የኤርትራ አስካሪዎች (ለጣሊያን ጦር የተቀጠሩ የአገሬው ወታደሮች) ናቸው፤ ጣሊያኖቹ ጥቂቶች ነበሩ። ዳገት፣ ሁሉንም «የጣሊያን ወታደር» ብለህ አንድ ዓይነት ፊት አትስጣቸው። በአንድ ወገን የቆመው ሰው የሌላው ወገን ዘመድ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን የማያሳይ ጨዋታ ለልጆቻችን የተሳሳተ ነገር ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው። ምሽጉ ሲለቀቅ ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖንና ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ነው የፈቀዱላቸው። ጋሊያኖ ከወገኑ ጋር ተቀላቅሎ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓድዋ ላይ ሞተ። ስለዚህ ድሉ የመጨረሻውን ወታደር በመግደል የሚቆጠር ከሆነ መቐለን አልሠራችሁም።

ዳገት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አስካሪዎቹን ለብቻ ዩኒት አደርጋቸዋለሁ፤ «ቤዝ ዩኒት» በሚለው መለያ ከስፒርማን ወርሰው ስማቸውና ምስላቸው ብቻ ይለወጣል። ስለ መጨረሻው የነገሩኝ ግን ዕቅዴን ሁሉ ቀየረው። ጥሙ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነጭ ባንዲራ ይወጣል፣ ተጫዋቹ በምርጫ መልእክት ከነመሣሪያቸው ይልቀቃቸው ወይስ መሣሪያቸውን ያስፈታቸው ይመርጣል። ዌስኖዝ ላይ ቫሪያብል ወደሚቀጥለው ሴናሪዮ ስለሚሻገር፣ ወደፊት ዓድዋን ብሠራ ጋሊያኖ እዚያ ይኑር አይኑር በዚህ ምርጫ ይወሰናል።

ኮድሰፊ፣ ኢቨንቱን እንዳልከኝ ጻፍኩት። አንድ ጥያቄ፦ ቪሌጅ አንዴ ከተያዘ ጥለኸው ብትሄድም ያንተ ሆኖ ይቀጥላል። አንድ ፈረሰኛ ልኬ ባንዲራዬን ተክዬ ብመለስ ጥሙ ይቆጥራል። ይህ ልክ አልመሰለኝም።

ኮድሰፊ

ልክ አይደለም፣ ጥሩ አየህ። ባለቤቱን አትጠይቅ፤ ሰው መኖሩን ጠይቅ። «ሃቭ ዩኒት» በሚለው ሁኔታ ውስጥ የምንጩን ቦታ ሰጥተህ «ሬዲየስ» 1 በለው፤ የአንተ ወገን ዩኒት ምንጩ ላይ ወይም አጠገቡ ከሌለ ጥሙ አይቆጥርም። ያኔ ምንጭ መያዝ ማለት ጦር መድቦ መጠበቅ ይሆናል። ሌቭሉ (ደረጃው) 1 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዩኒት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሄክስ ይቆጣጠራል፤ ጠላት አጠገቡ ሲደርስ እርምጃው እዚያው ያልቃል። ሌቭል 0 ይህ የለውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ምንጩን በጭፍራ ሳይሆን በደህና ሰዎቹ ማስጠበቅ ይኖርበታል፤ እነሱን ከግንቡ ፊት ማንሳት አለበት። ምርጫው ዋጋ አለው።

ሪያድ_ማታ

የመጀመሪያውን ፋይል አውርጄ ተጫወትኩት፣ እውነቱን ልናገር። ኮዱ ይሠራል፣ ጨዋታው ግን ይሰለቻል። ምንጩን ያዝኩ፣ ዙሪያውን ከበብኩ፣ ከዚያ «ዙር ጨርስ» የሚለውን እየነካሁ ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ ተጠምቶ አለቀ። ታሪኩ ልክ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ምንም አልሠራም። የአሥራ አራት ቀን ከበባ በ6 የቀን ክፍል ሲባዛ 84 ዙር ነው፣ ማን ይጠብቃል?

እህተ_ካርታ

ዙሩን ማሳጠር ቀላል ነው። የቀኑን ክፍሎች ራስህ መጻፍ ትችላለህ፤ ንጋት፣ ረፋድ፣ ምሽት እያልክ 6 ማድረግ ግዴታ አይደለም። ቀንና ሌሊት ብቻ ካደረግከው 28 ዙር ይበቃል። ግን ያኔ የዩኒቶቹን «አላይንመንት» (ቀን ወይስ ሌሊት እንደሚበረቱ የሚወስነውን) ተመልከት። ስፒርማን «ሎፉል» ነው፣ የሚያደርሰው ጉዳት ቀን 25 በመቶ ይጨምራል፣ ሌሊት 25 በመቶ ይቀንሳል። ያ ለተረት ዓለም የተሠራ ሕግ ነው። እዚህ ሁለቱንም ወገን «ኒውትራል» አድርጋቸው፤ የሌሊቱን ጥቅም በ«ፎግ» (በጭጋግ) ስጠው፣ ማን ከምሽጉ እንደወጣ ሩቅ ያለው እንዳያይ።

ኮድሰፊ

ሪያድ_ማታ ያነሳው የዚህ ሴናሪዮ ዋናው ችግር ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ ጠባይ ነው። ኮምፒውተሩ «ጥም» የሚለውን ቫሪያብል አያነብም፣ ልታስረዳውም አትችልም። የሚገባውን ግን እናውቃለን፤ ቪሌጅ ይወዳል። ምንጮቹን ቪሌጅ ያደረግናቸው ለዚህም ጭምር ነው። በምሽጉ ወገን የኤአይ (የኮምፒውተሩ አሳቢ) መለያ ውስጥ «ቪሌጅ ቫልዩ» የሚለውን ከ1 ወደ 3 ወይም 4 ከፍ አድርገው፣ «አግረሽን» የሚለውንም ከተለመደው 0.4 ጨምረው። ያኔ ራሱ በሩን ከፍቶ ወደ ውሃው ይሮጣል። ሁሉም እንዳይወጣ የመድፍ ተኳሾቹን «ጋርዲያን» አድርጋቸው፤ ጠላት በሚደርሱበት ርቀት ውስጥ ካልገባ ከቦታቸው አይነሱም። መሪው ደግሞ «ፓሲቭ ሊደር» ይሁን። ጥሙ ሲጠና ግፊቱም እንዲጨምር ከፈለግክ ቫሪያብሉ ሲያድግ «ሞዲፋይ ሳይድ» በሚለው መለያ የኤአይ ቁጥሮቹን እንደገና ስጠው። ተጫዋቹ በየሌሊቱ ምንጩ ላይ ውጊያ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው የከበበው ጦር ሆድ ነው። ያ ሁሉ ጦር በየቀኑ ይበላ ነበር። ዌስኖዝ ለዚህ የተዘጋጀ ሕግ አለው፦ እያንዳንዱ ዩኒት በሌቭሉ ልክ ወርቅ ይበላል፣ እያንዳንዱ ቪሌጅ ደግሞ አንድ ሌቭል በነፃ ይመግባል። 30 ሌቭል 1 ዩኒት ይዘህ 4 ቪሌጅ ብቻ ካለህ ገቢህ ሳይቆጠር 26 ወርቅ በየዙሩ ለቀለብ ይሄዳል። መነሻ ወርቅህን 28 ዙር በማያደርስህ ልክ ስጠው። ጌሙ ግን ወርቁ ከዜሮ ቢወርድም ዩኒት አያስበትንብህም፤ መግዛት ነው የሚከለክልህ። ስለዚህ ወርቁን «ስቶር ጎልድ» በሚለው አንብበህ፣ ከዜሮ ሲወርድ በየዙሩ አንድ ሰፈር ድንኳኑን ነቅሎ እንዲሄድ ኢቨንት ጻፍ። ተጫዋቹ የትኛው እንደሚሄድ ይምረጥ። ሁለቱም ወገን እየተራበና እየተጠማ ማን ቀድሞ ይሰበራል የሚለው ጨዋታው ይሁን።

ነጭ_ሳር

ይህን ካነበብኩ በኋላ የጉርሻውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ግንቡን በጥቃት መስበር የማይቻል አታድርጉት። የሚችል ይስበረው፣ ብዙ ሰው ይክፈልበት። መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ተጫዋቹ የሚያነበው ታሪክ ነው፣ የሚጫወተው አይደለም።

ኮድሰፊ

ነጭ_ሳር፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የምሽጉን ላይፍ 36 ላይ የተውነውም ለዚህ ነው፤ 30 ዩኒት ይዞ የጨከነ ሰው ሊገባበት ይችላል። ሲገባ ግን ከ30ው ስንት እንደሚተርፍለት በሚያደርሰውና በሚቀበለው ጉዳት መካከል ያለው ልዩነት ይነግረዋል፣ የተረፈውንም ይዞ ነው ዓድዋ የሚደርሰው።

አሮጌ_ላፕቶፕ

ፍሪሲቭ (ሲቪላይዜሽንን የሚመስል ነፃ ጌም) ላይ ልሥራው የሚል ሰው ካለ አስቀድሜ ልምከር። የፍሪሲቭ ሕጎች በሙሉ በጽሑፍ ፋይሎች ተለያይተው ስለተቀመጡ ለመቀየር ከዌስኖዝ ይቀላሉ፤ የዩኒቱ ለብቻ፣ የሕንፃው ለብቻ፣ የመሬቱ ለብቻ፣ «ኢፌክትስ» የሚለው ደግሞ ምን ሲኖር ምን እንደሚጨምር ይዘረዝራል። ነገር ግን እዚያ አንድ ዙር ዓመታት ነው፣ ሁሉም ነገር የሚሽከረከረው በከተማ ዙሪያ ነው። የዘመነ መሳፍንትን ሽኩቻ ወይም የምኒልክን የመሣሪያ ግዢ ለመሥራት እሱን እመርጣለሁ። ለሁለት ሳምንት ከበባ ግን ዌስኖዝ ነው።

ዳገት

ሁሉንም አስገባሁት። ቀንና ሌሊት፣ 28 ዙር፣ ሁለት ምንጭ፣ «ቪሌጅ ቫልዩ» 4። ኮምፒውተሩ በሌሊት ወጥቶ ምንጩን ሲያስለቅቅ አየሁት፣ ጥሙም ዜሮ ገባ፤ በጣም ደስ አለኝ።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው። የጥሙን ቁጥሮች ፋይሉ ላይ ቀይሬ የነበረውን ሴቭ ስከፍት የድሮው ቁጥር ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ የሠራኋቸው ዩኒቶች በሌላ ዘመቻ ውስጥም እየታዩ ነው።

ኮድሰፊ

ሴቭ ፋይሉ ሴናሪዮውን ከነኢቨንቶቹ በውስጡ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የለወጥከው የሚታየው ሴናሪዮውን ከመነሻው ስትጀምረው ነው። ከዋናው ገጽ ላይ ኤፍ 5 ንካ፣ ፋይሎቹን እንደገና ያነባቸዋል፣ ጌሙን መዝጋት አያስፈልግህም። ጥሙን ለመፈተሽ 10 ዙር አትጠብቅ፤ የዲበግ (የመፈተሻ) ሁነታውን ከፍተህ ቫሪያብሉን በእጅህ 8 አድርገውና ነጭ ባንዲራው መውጣቱን እይ። «ኢንስፔክት» የሚለው ትእዛዝ ቫሪያብሎቹን በሙሉ ያሳይሃል።

ዩኒቶቹ የሚያፈተልኩት በዋናው ፋይልህ ላይ ያለ ሁኔታ ስለጠራሃቸው ነው። ለዘመቻህ «ዲፋይን» ስም ስጠው፣ የዩኒቶቹን ፎልደር የሚጠራውን መስመር «ኢፍዴፍ» (ይህ ስም ካለ ብቻ) ብለህ በዚያ ስም ውስጥ ዝጋው። ያንተ ዘመቻ ሲከፈት ብቻ ይጫናሉ። ፋይሎቹንም በዩቲኤፍ 8 አስቀምጣቸው፣ አለዚያ የአማርኛው ጽሑፍ ይበላሻል።

እህተ_ካርታ

ኮረብታውን ጨርሼ ልኬልሃለሁ። የሰሜኑ በር ለ2 ጎን ብቻ ክፍት ነው፣ የምንጩ መንገድ 7 ሄክስ ነው፤ በአንድ ዙር ደርሶ መመለስ አይቻልም፣ ውሃ ሊቀዳ የወጣ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ያድራል። በዝቷል ካልክ ወደ 5 አሳጥረዋለሁ።

ሪያድ_ማታ

7ቱ እንዳለ ይሁን። ዛሬ ማታ በአዲሱ ካርታ በሁለቱም መንገድ እሞክረዋለሁ፣ አንዴ በጥቃት፣ አንዴ በውሃ፤ ስንት ዩኒት እንደተረፈኝ ጽፌ እልካለሁ።